በማሽላው ላይ የተዘረጋው ካሴት

ከሚሴ ላይ ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ በረንዳ አለ። እዚያ በረንዳ ላይ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብለው ጫታቸውን እየቀነጠሱ «የዘንድሮ ወጣት አለቀለት» የሚሉ አምስት ስድስት ሽማግሌዎች አሉ። በየቀኑ ነው የሚሉት። ዘነበም አልዘነበም፣ ወጣት አልቆለታል። ከመካከላቸው አንዱ ስልኩን እንኳ ራሱ መክፈት አይችልም። «እስቲ ይችን ክፈትልኝ» ብሎ የሚጣራው ያንኑ ያለቀለትን ወጣት ነው። ተከፍቶ ሲሰጠው ደግሞ «አይ ወጣት! ሲነካካ ነው የሚውለው» ይላል። አመስግኖ አያውቅም።

እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ሱቅ ያልኳት ድሮ ሬዲዮና ቴፕ፣ አሁን ስልክ የምጠግንባት ጠባብ ቤት ነች። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ከሰል ላይ ባጋልኩት ሚስማር የተበጠሰ ሽቦ እየበየድኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከደሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው መንገድ የኔን ያህል ጆሮ ያለው ጠጋኝ የለም። ሬዲዮ ታሞ ሲመጣልኝ ሳልከፍተው በሳሉ አውቀዋለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ግን እውነት ነው።

ከነዚያ የበረንዳ ሰዎች አንዱ አጎቴ ነው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም። ፊት ለፊት «አንቱ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ወረቀቱ የኔ ነው። «ወጣት አለቀለት» በሚለው ጊዜ ሁሉ ድምፁ ከሁሉም ይጎላል። ሰው ሲሰማው በወጣትነቱ ተራራ የገፋ ይመስላል። እኔ ግን ስለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ አሸንፋዋለች። ያቺ ልጅ እህቴ ነች።

ነገሩ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አባታችን ሞቶ፣ ጨፋ ላይ ቦርከና ዳር ያለችውን መሬታችንን አጎቴ በእኩል ያርስልን ነበር። በሬውና ማረሻው የሱ፣ አረሙና ጥበቃው የኛ። ምርቱ እኩል ይካፈላል። ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? በሬው አርሶ በሐምሌ ይገላገላል። ጥበቃው ግን የሚጀምረው ማሽላው ወተት ሲይዝ፣ በመስከረም መጨረሻ ነው። ያኔ ግሪሳ ይመጣል።

ግሪሳን ያላየ ሰው ወፍ አይቻለሁ አይበል። ከድንቢጥ አይበልጥም፤ ግን ብቻውን አይመጣም። ደመና ሆኖ ይመጣና ማሽላው ላይ ይወርዳል፤ ሲነሳ ራሱ የተራቆተ አገዳ ትቶ ነው። ስለዚህ በየማሳው መካከል የእንጨት ማማ ይሠራል። አንድ ሰው ጎህ ሲቀድ ይወጣና ወንጭፍ እየወነጨፈ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እየጮኸ ይውላል። አንድ ሁለት ቀን አይደለም። ሁለት ወር ነው።

ከቤታችን ማን ይውጣ? እናታችን ጉልበቷን ታማ መሰላል አትወጣም። እኔ ከተማ ገብቼ አንድ የካሴት ሱቅ ጥግ ላይ ቴፕ እጠግናለሁ፤ የቤቱ ዘይትና ጨው ከዚያ ነው። ደግሞ ወንጭፍ ላይ እጄ ጥሩ አይደለም። አንድ ጊዜ ወፍ ላይ ወርውሬ የአጎቴን በሬ ቀንዱን መትቼዋለሁ። ሌላ ነገር ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ሁሉን ነገር ለአንድ ሰው አይሰጥም።

ስለዚህ የአጎቴ ዓይን እህቴ ላይ ወደቀ። አስራ አምስት ዓመቷ ነበር። ቀጭን፣ ቶሎ ተናጋሪ፣ ስትቆጣ አፍንጫዋ የሚላብ ልጅ። በዚያ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትፈተን ነበር። አጎቴ ከጫት ጓደኞቹ ጋር ዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጦ አስጠራት። እኔም ተከትያት ሄድኩ።

«ያ ኢንተላ፣» አላት፤ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። «ደብተርሽን አስቀምጪ። ከነገ ጀምሮ ማማ ላይ ነሽ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪታጨድ ነዋ!»

«አስር ቀን በተከታታይ የቀረ ከትምህርት ቤት ይሰረዛል፣ አጎቴ። ስሜን ይሰርዙታል።»

«ይሰርዙታ! ስምሽን እኛ እናውቀው የለ? አንረሳውም።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አንዱ የሚያኝከው ጫት ትን እስኪለው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ አፍንጫዋ ግን ላበው።

«እሺ፣» አለች፣ «እኔ ማማ ላይ ኖርኩም አልኖርኩም፣ ማሽላው ሳይበላ ለአጨዳ ከደረሰስ?»

«ማን ይጠብቀዋል ታዲያ? ጅን?»

«ማንም ይጠብቀው። ከደረሰስ?»

አጎቴ ወደ ጓደኞቹ እያየ ፈገግ አለ። ሰው ፊት ቸር መምሰል ይወዳል። «ከደረሰ እንኳን ስምንተኛ፣ አስራ ሁለተኛም ተማሪ። ከተበላ ግን፣ ወላሂ፣ ደብተርሽን ለእሳት ማያያዣ ነው የማደርገው።»

«ሁላችሁም ሰምታችኋል፣» አለቻቸው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እያየች። «ምስክር ናችሁ።»

ሳቁ ቆመ። እነዚያ ሰዎች ከበግ ግዥ ሌላ ለምንም ነገር ምስክር ተብለው አያውቁም።

እነሱ ራሳቸው ወፉን ለመከላከል ምን አደረጉ? አውሮፕላን ጠበቁ። መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ይመጣል የሚል ወሬ ነበር። ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ሰው ሰንበቴ ገበያ በሬ ሊሸጥ ሄዶ ወሬ ይዞ ይመለሳል። በቃ፣ ዋርካው ሥር ተጋድመው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ከረሙ። ጆፌ አሞራ ባለፈ ቁጥር አንዱ ይነሳና «መጣ!» ይላል። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ዛሬ ስለ ወጣት ስንፍና የሚያስተምሩኝ።

አሁን ወደ ሐሳቡ ልምጣ። የካሴት ክር ማሽላ ላይ መዘርጋት የማን ሐሳብ ነው? ለሰው ስናገር የኔ ነው እላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ብያለሁ፤ ጨፋ ሮቢት ላይ በዚህ የተነሳ ሻይ የጋበዙኝ አሉ። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። በነጋታው እህቴ ሱቅ ምሳዬን ይዛልኝ መጣች። እኔ ቴፕ የበላውን ካሴት ክሩን እየጎተትኩ አውጥቼ፣ እየተሳደብኩ ወደ ውጭ ወረወርኩት። ክሩ የእህል ገበያው አጥር ላይ ተጠላልፎ ቀረ። ከሰዓት ነበር፤ ከቦርከና የሚነሳው ንፋስ ሲያገኘው ዝዝዝዝ ማለት ጀመረ። አጥሩ ሥር የፈሰሰ ጤፍ የሚለቅሙ ወፎች ብርር ብለው ጠፉ።

እኔ ያየሁት የተበላሸ ካሴት ነው። እሷ ያየችው ወፎቹን ነው።

«ይሄ ክር ስንት ሜትር ይሆናል?» አለችኝ።

«አንዱ ካሴት ከዚህ እስከ ወንዙ ይደርሳል፣» አልኳት። ይህን ያወቅኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ግማሹ ሐሳብ የኔ ነው።

ከዚያ፣ ግሪሳው ገና ሳይወርድ፣ መለመን ጀመርን። የደሴ አውቶቡሶችና አይሱዙዎች ለምሳ ሲቆሙ እሷ በመስኮቱ ሥር ትሄዳለች። «የተበላሸ ካሴት አለዎት? የበሰበሰም ይሁን» ትላለች። ሹፌር መቼም ካሴት አይጥልም፤ ጨርሶ እስኪያለቅስ ያጫውተዋል፣ ከዚያ ወንበር ሥር ይከተዋል። አንዱ ሹፌር ወርዶ ጠየቃት።

«ምን ልታደርጊበት ነው የኔ እመቤት?»

«ለወፍ ነው።»

«ወፍ ዘፈን ትወዳለች?»

«አትወድም። እሱን ነው የፈለግኩት።»

ሰውዬው እየሳቀ አንድ ሙሉ ፌስታል ካሴት ሰጣት። በሳምንት ውስጥ አንድ ጆንያ ሞላን። ከመንገዱ ማዶ የአጎቴ ጓደኞች «ወፍ በካሴት! ለምን ቴሌቪዥን አትገዙላትም?» ይሉናል። እኔ በበኩሌ መልስ አላጣሁም፤ «አውሮፕላናችሁ ደረሰ?» እላቸዋለሁ። እሷ ግን ዞራም አታያቸውም።

ማሳው ዙሪያና መካከሉ ላይ እንጨት ተከልን። የካሴቱን ቤት እንጨቱ ላይ በሚስማር እመታለሁ፣ ክሩን ስቤ ጠምዘዝ እያደረግኩ እስከሚቀጥለው እንጨት እወጥራለሁ። ካልተጠመዘዘ አይጮህም፤ ይህን ደግሞ የደረስኩበት እኔ ብቻዬን ነኝ። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ማሳው በሙሉ ንብ የሰፈረበት ይመስል አጉረመረመ። ፀሐዩ ክሩ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። የግሪሳው ደመና መጣ፣ ከኛ ማሳ በላይ ተጠማዘዘ፣ ሄደ። እህቴ ማማው ላይ ሆና ከንፈሯን ነክሳ ታያለች። እኔ ግን እየጨፈርኩ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ችግር ቀረ። ጠዋት ጨፋ ላይ ንፋስ የለም። ክሩ ዝም ይላል፣ ወፉ ደግሞ በጠዋት ርቦት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጠዋት ሰው ማማ ላይ መኖር አለበት። እሷ ደግሞ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነች።

በምሳ ሰዓት ከማማ ወርዳ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደች። እኔም በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«ፈረቃዬን ወደ ከሰዓት ይቀይሩልኝ።»

«ምክንያት?»

«ጠዋት ንፋስ የለም።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ከእርሻ ጋር ጸብ ያለው የሚመስል፣ ጫማውን አቧራ እንዳይነካው በጣቱ የሚራመድ ሰው ነበር። አስረዳችው። ግሪሳውን፣ ክሩን፣ ንፋሱን። በጣም ጥሩ አድርጋ ነው ያስረዳችው፤ ፊዚክስ ነው እኮ። እሱ ግን «የከሰዓቱ ክፍል ሞልቷል። ወንበር የለም» አለና መነጽሩን መለሰ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ተመልሳ ሄደች። «ወንበር የለም አልኩሽ እኮ!» በሦስተኛው ቀን የእናታችንን በርጩማ በራሷ ተሸክማ፣ ከተማውን አቋርጣ፣ ቢሮው በር ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። መምህራኑ እየወጡ እየገቡ ያዩአታል።

«ይሄ ምንድነው?» አላት ዳይሬክተሩ።

«ወንበር።»

ወንበር የለም ብሏል፣ ወንበር መጣ፤ ፈረመላት። አንድ ፊርማ ለማውጣት ሦስት ቀንና አንድ በርጩማ የፈጀበት ሰው ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ወላጅ ሰብስቦ ስለ ሴቶች ትምህርት ንግግር ሲያደርግ ግን አንድም ቦታ አልተደናቀፈም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ጎህ ሲቀድ ማማ ላይ ትወጣለች፣ እስከ ምሳ ትወነጭፋለች፣ በመሃል ደብተሯን ታነባለች። ንፋሱ ሲነሳ ለክሩ አስረክባ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትሄዳለች። የጎረቤት ማሳ ግማሹ ሲራቆት የኛ ሙሉ ራሱን እንዳዘቀዘቀ ቆመ። ሰው መጠየቅ ጀመረ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ አጎቴን አይደለም የጠየቁት፤ እሷን ነው። ጢማቸው የሸበተ ገበሬዎች መንገድ ላይ አስቁመው «ልጄ፣ እንጨቱን በስንት እርምጃ ነው የምንተክለው?» ይሏታል። አጎቴ አጠገባቸው ቆሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የማሽላው ግማሽ የሱ ነው እኮ! ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሱ ግን ከሙሉ ጎተራ ይልቅ ሙሉ ደረት የሚመርጥ ሰው ነው።

አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ እሷ ትምህርት ቤት እያለች፣ ማሳውን ሲዞር አንዱ እንጨት ላይ የተመታውን የካሴት ቤት አየ። ላዩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ። አነበበው። መንዙማ ይላል።

ጥፋቱ የኛ ነው፤ አልክድም። ከሹፌሮቹ ፌስታል ውስጥ ዘፈንም ወሬም ተደባልቆ ነበር፣ አንድ በአንድ አይተን አልለየንም። መንዙማ ደግሞ ወሎ ውስጥ ዘፈን አይደለም፤ የነቢ ውዳሴ ነው። ሰው እጁን ታጥቦ የሚያስቀምጠውን ካሴት እኛ ለወፍ ማባረሪያ ሰቅለነዋል። ካየው በኋላ ለብቻችን ጠርቶ ቢነግረን፣ አስታግፊሩላህ ብለን አውርደን ይቅርታ እንጠይቅ ነበር።

እሱ ግን ምን አደረገ? ያንን አንዱን ብቻ ሳይሆን የማሳውን ክር በሙሉ በጣጥሶ አወረደው። መንዙማውንም ቀዶ ቦዩ ጭቃ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ «የነቢን ውዳሴ ለወፍ ሰቀሉት!» ብሎ ጮኸ። ምን ብዬ ልንገርህ፣ የራሱን ግማሽ ማሽላ ለወፍ ከፍቶ ነው የጮኸው።

እህቴ ስትመለስ ራቁቱን የቀረ እንጨት አገኘች። ግሪሳው በምሥራቁ ጥግ ገብቶ ነበር። ደብተሯን ጥላ ማማ ላይ ወጣች።

ጉዳዩ ሸኻችን ዘንድ ተመራ። የሚፈርዱት ሐሙስ ከሰዓት፣ ሰው ለዱአ በሚሰበሰብበት ሐድራቸው ነው። የዚያ ሳምንት ሐሙስ እሳቸው ሩቅ ለቅሶ ሄደው ነበር፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ሆነ። እስኪፈረድ ክር እንዳይዘረጋ አጎቴ ሰው ፊት አስምሎናል። ክር ከሌለ ከሰዓትም ሰው ማማ ላይ መኖር አለበት። እህቴ ከማግሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀረች። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ ስድስት ቀን። ማታ ማታ በከሰል ማማው ቋሚ ላይ አንድ መስመር ታሰምራለች። አላለቀሰችም። እኔ ትንሽ አልቅሻለሁ፤ ከሰል ጭሱ ነው ብያለሁ።

አንድ ጠዋት ምሳ ላደርስላት ሄጄ ማማ ላይ ስወጣ፣ በአንድ እጇ ወንጭፍ ይዛ በሌላው እስክርቢቶ ታሽከረክራለች። እስክርቢቶው ላይ ካሴት አለ። መንዙማው ነው። ከቦዩ ጭቃ ውስጥ ለቅማ አውጥታዋለች። ክሩን በውሃ አጥባ፣ በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች፣ ወፍ በሌለበት ደቂቃ ሁሉ ወደ ቤቱ ስታጠነጥነው ነው የሰነበተችው።

«ሦስት ቦታ ተበጥሷል፣» አለችኝ። «አንተ ጠጋኝ ነኝ ትል የለ? ጠግነው።»

ይህች ልጅ እንዲህ ነው የምታናግረኝ። ጠገንኩት። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ ፕላስተሩን በምላጭ እንደ ፀጉር አቅጥኜ ነው ያጣበቅኩት። ዛሬ እንደዚያ የሚያጣብቅ ሰው ካለ ያምጡልኝና ልይ።

ሐሙስ ደረሰ። እህቴ ከትምህርት ቤት ከቀረች ስምንተኛ ቀኗ ነው፤ ዓርብ ዘጠኝ፣ ሰኞ አስር። ፍርዱ ዛሬ ካልተቆረጠ ለሚቀጥለው ሐሙስ ይተላለፋል፣ ሰኞ ማታ ስሟ የለም። እናቴ ጉልበቷን አስራ ማማው ሥር ቆማ ቆርቆሮ ትደበድብ ነበር፤ እህቴ ወደ ሐድራው እንድትመጣ የለቀቀቻት እሷ ናት።

ግቢው ሞልቷል። ሸኻችን ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሽ ሰው ናቸው፣ ግን ዝም ሲሉ ሁሉም ዝም ይላል። አጎቴ አዲስ ጋቢ ለብሶ ተነሳ። ተናገረ። ኧረ እንዴት ተናገረ! ዘመኑ ከፋ፣ ወጣት ከዲን ወጣ፣ ሴት ልጅ ማማ ላይ ሆና ፍርድ ሰጠች። ስለ ካሴቷ አንድ ጊዜ አነሳና ስለ ራሱ ክብር አስር ጊዜ ተናገረ። ጓደኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአውሮፕላኑ ወዲህ እንዲህ አንድ ላይ ሆነው አላየኋቸውም።

«አንቺስ ልጄ?» አሉ ሸኻችን።

እህቴ ተነሳች። «አጥፍተናል፣» አለች። «ሳናይ ነው የሰቀልነው፤ ማየት ነበረብን። አላህ ይማረን፤ እርስዎም ዱአ ያድርጉልን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አጎቴ ካሴቷን እንጨት ላይ አገኟት። አሁን የት ናት?»

ሸኻችን ወደ አጎቴ ዞሩ። «የት ናት?»

«እሷማ... ያው... አወረድኳት፣» አለ።

«አውርደህስ የት አስቀመጥካት?»

አጎቴ አዲሱን ጋቢ አስተካከለ። ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ።

«ቦይ ውስጥ ነው ያገኘኋት፣» አለች እህቴ። «ጭቃው ውስጥ። ይኸው።» ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠቻቸው።

ሸኻችን ካሴቷን አገላብጠው አዩና «አሁን ትሠራለች?» አሉ። እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ቴፔን ይዤ መጥቼ ነበር፣ አዲስ ባትሪ ድንጋይ አስገብቼበት። ቢስሚላህ ብዬ ጫንኩት።

መጀመሪያ ጭቃ የሚያኝክ ሰው ይመስል አንጎራጎረ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፣ ይወዛወዛል፣ ግን መጣ። መንዙማው አንድ ስንኝ ብሎ ለተቀባዮቹ ሲለቅ፣ ግቢው በሙሉ ሳያስበው ተቀበለ። እጅ ማጨብጨብ ጀመረ። ይህ የኛ አገር ሰው ልማድ ነው፤ መንዙማ ሰምቶ እጁን የሚይዝ የለም። እኔ ዞር ስል ከሁሉም አስቀድሞ የሚያጨበጭበው ማን መሰለህ? አጎቴ! ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጋቢው ከትከሻው ወርዶ፣ ከሳሹ ራሱ ይወዛወዛል። ዓይኑን ገልጦ ሁሉም ሲያየው እጁ አየር ላይ ቀረ።

መጀመሪያ የሳቁት ሸኻችን ናቸው። እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ ግን ፊታቸው ተመለሰ።

«ይችን ልጅ አጥፍተሻል እንዳልላት ጥፋቷን ራሷ ተናገረች፣» አሉ። «ካሴቷ እኔ ዘንድ ትቀመጥ። ሌላው ክር ውዳሴ የሌለበት መሆኑን እያያችሁ ለይታችሁ መልሳችሁ ዘርጉት። ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን፣» አልኩ እኔ። ሁለት ይበቃኝ ነበር፤ ግን ሥራዬ ቀላል እንዳይመስል ነው።

«ልጅቱ መቼ ነው ትምህርት ቤት መሄድ ያለባት?»

«ነገ፣» አለች።

«እንግዲያው ክሩ እስኪዘረጋ ከሰዓት ከሰዓት ማማው ላይ የሚወጣው የወረወረው ሰው ነው።» ይህን ብለው ወደ አጎቴ እንኳ አላዩም። እጃቸውን ለዱአ አነሱ፣ እኛም አሚን አልን። አጎቴም አሚን አለ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እንዲህ ያለ ነገር እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። አጎቴ ማማው ላይ ነው። መሰላሉን ሲወጣ ጋቢው ሁለቴ ተያዘበት። ወንጭፉን እንደ ሻሽ ያዞረዋል፣ ድንጋዩ ወደ ኋላ ይሄዳል። የቤተሰቡ እጅ እንደዚህ መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ፤ እኔ ጥፋተኛ አይደለሁም። እህቴ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በማሳው ጥግ መጣች።

«አጎቴ!» ብላ ጮኸች። «በስተግራ! ከወንዙ በኩል እየመጡብዎ ነው!»

ወነጨፈ። ድንጋዩ እኔ አጠገብ ወደቀ። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ ጊዜ የላትም። ስም እየተጠራ ነበርና ሮጠች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ መምህሩ ስሟ ላይ ደርሶ እስክርቢቶውን ሊያሳርፍ ሲል ከበሩ «አቤት!» አለች። በርጩማዋ ጥግ ላይ እንደተቀመጠች ነበር፤ ማንም አልነካባትም።

ማሽላው ታጨደ። ከምሥራቁ ጥግ በቀር ሙሉ ነበር፤ የምሥራቁ ጥግ ደግሞ በማን እንደተበላ ምስክሮቹ በሙሉ ያውቃሉ። ስምንተኛን አለፈች፣ አስራ ሁለተኛንም። ዛሬ ሌላ ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። ይህን ታሪክ ስናገር አትወድም። «አታጋንን፣ ማሽላ ነው የጠበቅኩት» ትለኛለች። ማጋነን አያስፈልገውም እኮ፤ የሚያስፈልገው እነዚያን ሰዎች አጠገቧ ማቆም ብቻ ነው።

ከዚያን ጊዜው ክር አንድ ክንድ የሚያህል አለኝ። ሱቄ በር ላይ ጠምዝዤ ወጥሬዋለሁ። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ፣ በረንዳው ላይ ወጣት አለቀለት የሚባልበት ሰዓት ላይ፣ ዝዝዝዝ ይላል። አጎቴ ንግግሩን ያቋርጣል። ጫቱን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ያዞራል።

«ይችን ነገር አትነቅላትም?» ይለኛል።

«እርስዎ ይንቀሏት እንጂ አጎቴ፣» እለዋለሁ። «ልምዱ ያለዎት እርስዎ ነዎት።»